መንገደኛ ወይስ ጭነት?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በሆሳዕና ከተማ አንድ ወጣት ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ይዞ ሲያልፍ ከታየ፥ የሚያየው ሰው ሁሉ በልቡ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ይኸውም «ስንት ከፈለ?» የሚለው ነው። የቦርሳውን ዋጋ መጠየቁ አይደለም፤ ደላላው ስንት ተቀበለው ማለቱ ነው። በሐድያና በከምባታ ከተሞች፥ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፥ ከሾኔ እስከ ሺንሺቾ፥ ወጣትና ቦርሳ በአንድነት ከታዩ መድረሻቸው ደቡብ አፍሪካ ነው ተብሎ ይታመናል።

እኔ በዚህ ዓመት እንዲህ ያለውን ቦርሳ ከገዙት አንዱ ነኝ። ነገር ግን የምሄደው አገሬን ለማየት ነው። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ሰው ማግኘት፥ ቦርሳውን ለመግዛት ገንዘብ ከማጠራቀም ይልቅ ከብዶኝ ሰንብቷል። ስለዚህ ለጉዞው እንዴት እንደ ተሰናዳሁ፥ ስሰናዳም ምን እንደ ተማርሁ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ምናልባት ከእናንተም መካከል የክረምቱን ዕረፍት ወይም የዓመት ፈቃዱን በኪራይ ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ከማሳለፍ ይልቅ መንገድ መውጣት የሚመኝ ይኖር ይሆናል።

ዕድሜዬ ሃያ አምስት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወጥቼ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ትምህርቴን የተከታተልሁት በአዲስ አበባ ስለ ሆነ፥ ከሆሳዕና ወደ ሰሜን የሚወስደውን 230 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከነጉድጓዱ አውቀዋለሁ፤ ወደ ደቡብ ያለውን ግን የማውቀው በካርታ ነው። ባለፈው ዓመት ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሳስተምር፥ የአባያ ውሃ በውስጡ ካለው ደለል የተነሣ ቀላ ብሎ እንደሚታይ፥ ጎረቤቱ ጫሞ ግን በመልኩ ከእርሱ እንደሚለይ ተናገርሁ። አንዲት ተማሪ ከኋላ ወንበር እጅዋን አነሣችና «ቲቸር፥ እርስዎ አይተውታል?» አለችኝ። አላየሁትም አልኋት። ጥያቄዋ መልካም ጥያቄ ነበርና፥ በዚያው ሳምንት ካርታ ዘርግቼ በእርሳስ ማስመር ጀመርሁ።

መስመሩ ከሆሳዕና ተነሥቶ በአንጋጫ በኩል ወደ ዱራሜ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ሀላባ ቁሊቶ፥ ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል። ከአርባ ምንጭ ወደ ኮንሶ፥ ከኮንሶ ወደ ያቤሎ ይሻገርና፥ በዲላና በሐዋሳ አድርጎ ወደ ቤት ይመለሳል። የምነሣው ሐምሌ 10 ቀን ነው፤ የምመለሰው ነሐሴ 20 ቀን ነው። በመካከል ያሉት 40 ቀኖች ግን ቀጠሮ የላቸውም። አንድ ከተማ ደስ ካሰኘኝ አምስት ቀን እቀመጣለሁ፤ ካልተመቸኝ በማግሥቱ እነሣለሁ፤ የፊቱ መንገድ ጸጥታ የለውም ካሉኝም መስመሩን አጥፌ በሌላ በኩል እዞራለሁ። ብቻዬን መሄድ የመረጥሁትም ለዚሁ ነው። ሁለት ጓደኛሞች አብረው ሲሄዱ እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ውለው፥ ከአገሬው ሰው ጋር ሳይነጋገሩ ይመለሳሉ።

ይህን አሳቤን ለእናቴ ልነግራት በሺንሺቾ አጠገብ ወዳለው ቤታችን በሄድሁ ጊዜ፥ ያቀረበችልኝን ቆጮ ሳልጨርስ ፊቷ ተለወጠ። «ልጄ፥ አንተም?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ታላቅ ወንድሜ በ2007 ዓ.ም. «ሐዋሳ ሥራ አገኘሁ» ብሎ ከቤት ወጥቶ፥ ከሦስት ወር በኋላ የደወለው ከጆሃንስበርግ ነበርና።

ስለ ወንድሜ እውነቱን ልናገር። እርሱ ከዕድለኞቹ አንዱ ነው። በሕይወት ደርሷል፤ በሰው ሱቅ ሲሠራ ቆይቶ ዛሬ የራሱን ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። የቤታችን ቆርቆሮም ሆነ የእኔ የኮሌጅ ወጪ ከእርሱ ላብ የተገኘ ነው። ስለዚህ የሄደውን ሁሉ ሞኝ ነው ብዬ የምሰብክበት አፍ የለኝም። አንድ ቀን ግን በስልክ ስንጫወት ስለ መንገዱ ጠየቅሁት። ኬንያን፥ ታንዛንያን፥ ማላዊን፥ ሞዛምቢክን፥ ዚምባብዌን አቋርጧል። «የኪሊማንጃሮን ተራራ አየኸው ወይ? የማላዊን ሐይቅስ?» አልሁት። ጥቂት ዝም አለና፥ «ምንም አላየሁም። የምንሄደው ሌሊት ነበር፤ ቀን ቀን ጫካ ውስጥ ወይም በተቆለፈ ቤት እንውላለን። መኪና ላይም ስንሆን ከላያችን ሸራ ነበር» አለኝ። አምስት አገር አቋርጦ አንድ ተራራ አላየም! በመንገደኛና በጭነት መካከል ያለው ልዩነት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መንገደኛ ይሄዳል፤ ጭነት ግን ይወሰዳል።

ከወንድሜ ያነሰ ዕድል የገጠማቸው ደግሞ ብዙ ናቸው። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር አንድ የጭነት መኪና ቢፈተሽ፥ በኮንቴይነሩ ውስጥ አየር አጥሯቸው የሞቱ 64 ሰዎች ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተነገረ። በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ነበሩ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ማላዊ፥ ሙዚምባ በሚባለው አውራጃ፥ ከ25 የሚበልጡ አስከሬኖች በአንድ የጅምላ መቃብር ተገኙ። ሁለት ወር ሳይሞላ፥ በታኅሣሥ መጀመሪያ፥ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች ሬሳ በመንገድ ዳር ተጥሎ ታየ፤ እነዚህም ከኢትዮጵያ የተነሡ እንደ ሆኑ ፖሊስ ገመተ። እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ በእኛ ከተሞች ስልክ የማያነሣ ቤተሰብ የለም። እናቴ «አንተም?» ስትል ይህ ሁሉ በአሳቧ ውስጥ እንደ ነበረ አውቃለሁ።

ስለዚህ ለጉዞዬ ስሰናዳ፥ ቦርሳዬን ከመሙላቴ በፊት አምስት ጥያቄዎች በደብተሬ ላይ ጻፍሁ። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሰው፥ ወደ ሐዋሳም ይሂድ ወደ ናይሮቢ፥ መንገደኛ ነው። መልስ የሌለው ግን ጭነት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፥ ወረቀቴ በማን ኪስ ነው? የሚል ነው። ከሐድያና ከከምባታ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ ወጣት በኬላ ላይ «ወዴት ነህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ሊደነቅ አይገባውም፤ ጠያቂው ሊያድነው ፈልጎ ይሆናል። እኔ የቀበሌ መታወቂያዬን፥ ፋይዳ የተባለውን ብሔራዊ መታወቂያና መምህር መሆኔን የሚገልጽ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልዬ በደረት ኪሴ አድርጌአለሁ። የሁሉንም ፎቶግራፍ ለእኅቴ በስልክ ልኬላታለሁ። ወደ ውጭ አገር የሚሻገር ሰው ደግሞ ፓስፖርቱንና የሚገባበትን አገር ፈቃድ በራሱ እጅ መያዝ አለበት። ደላላ የሚጀምረው ወረቀትን በመቀበል ነው።

የወረቀት ነገር የዛሬ ብቻ አይደለም። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት፥ ከሐድያ ገዥ ቤት የተወለደችው ንግሥት እሌኒ፥ ማቴዎስ የሚባለውን አርመናዊ ነጋዴ ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ልካው ነበር። ማቴዎስ በሕንድ በኩል ዞሮ በ1514 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ደረሰ። በመንገድ ላይ የመርከብ ሹማምንቱ ሰላይ ነው እያሉ አንገላቱት፤ ይሁን እንጂ የያዘው መልእክት በንጉሡ ፊት በክብር አቆመው። መንገደኛ ማን እንደ ሆነና ማን እንደ ላከው የሚናገርለት ነገር በእጁ ሊኖር ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ ገንዘቤ በማን እጅ ነው? የሚል ነው። አሥር መምህራን ሆነን በየወሩ 2,500 ብር የምንጥልበት ዕቁብ አለን። የእኔ ዕጣ በሰኔ ወጣልኝና 25,000 ብር ተቀበልሁ። ከዚህ ውስጥ 5,000 ብሩን ለሕመምና ለድንገተኛ መመለሻ ለይቼ አስቀመጥሁ፤ እርሱ እንደሌለ ይቆጠራል። የቀረው 20,000 ብር ለ40 ቀን ሲካፈል ለአንድ ቀን 500 ብር ይደርሳል። ለመኝታ 200፥ ለምግብ 200፥ ለመኪናና ለልዩ ልዩ ነገር 100 ብር መደብሁ። መኪና የማልሳፈርባቸው ቀኖች ለረጅሙ መንገድ ያጠራቅሙልኛል፤ የኮሌጅ ጓደኞቼ በሚሠሩባቸው ከተሞችም የመኝታው ይተርፈኛል። በኪሴ የምይዘው የሁለት ቀን ወጪ ብቻ ነው፤ የቀረው በባንክና በቴሌብር ይቀመጣል። እንዲህ ዐይነቱ ሒሳብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለደላላ የሚከፍል ወጣት ይህን ሒሳብ ሠርቶ አያውቅም። አስቀድሞ ተከፍሎለት፥ በየአገሩ ሌላ ሲጠየቅ፥ ቤተሰቡ ከብትና መሬት እየሸጠ ይልክለታል።

ሦስተኛው፥ በፈለግሁበት ቦታ መቆም እችላለሁ ወይ? የሚል ነው። በዚህ ምክንያት የማታ ጉዞ ፈጽሞ አላደርግም ብዬ ቈርጫለሁ። ጠዋት በ12 ሰዓት ከመናኸሪያ እነሣለሁ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ፥ ቢቻል ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት፥ አልጋ ይዤ እገኛለሁ። ቅጥቅጥም ይሁን ዶልፊን፥ ዋጋውን ከመናኸሪያው ሠራተኛ ሳልጠይቅ ለረዳት አልከፍልም። በየማለዳው ደግሞ ከፊት ያለው መንገድ እንዴት እንደ ዋለ ሁለት ሾፌሮችን ለየብቻ እጠይቃለሁ። ሁለቱም ሂድ ካሉኝ እሄዳለሁ፤ አንዱ ከተጠራጠረ ሻይ እጠጣና ቀኑን እዚያው እውላለሁ። ብቻዋን ለምትጓዝ እኅት ይህ ደንብ ይልቁን ይበዛባታል እንጂ አያንስም፤ ማረፊያዋን በዘመድ ወይም በትምህርት ቤት ጓደኛ ቤት አስቀድማ ብታሰናዳ መልካም ነው።

አራተኛው፥ መመለስ እችላለሁ ወይ? ነው። ካሰመርሁት መንገድ ላይ ከየትኛውም ከተማ ተነሥቼ ቢዘገይ በሁለት ቀን ሆሳዕና መግባት እችላለሁ። ያስቀመጥሁት 5,000 ብር ትርጉሙ ይኸው ነው። ወንድሜ ግን ከኬንያ ሲወጣ መመለስ ፈልጎ ነበር፤ «ተመለስ» የሚለው ሰውም፥ የሚመለስበት መንገድም አልነበረም።

አምስተኛውና ለእናቴ ከሁሉ የሚበልጠው፥ የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ? የሚለው ነው። የካርታውን ቅጂ በቤታችን ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀልሁት። በየሁለት ቀኑ ማታ በ1 ሰዓት እደውላለሁ፤ እኅቴ ያለሁበትን ከተማ ስም ለእናቴ እየነገረች በካርታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለች። ሦስት ቀን ካልደወልሁ፥ ለማን መደወል እንዳለባት ስልክ ቍጥር ጽፌላታለሁ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን ካርታውን ትክ ብላ ካየች በኋላ፥ «መስመሩ ዞሮ ወደ እኛ ይመለሳል» አለች። ከዚያ ወዲህ ቆጮውን ስታቀርብልኝ ፊቷ እንደ ቀድሞው ሆነ።

አሁን ወደ ቦርሳው እንመለስ። ይዤ ልሄድ ያሰብሁትን ሁሉ በአልጋዬ ላይ ደርድሬ በጎረቤታችን የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ብጭነው 14 ኪሎ ሆነ። የተራራ መንገድ የለመዱ ሰዎች ሸክም ከሰውነት ክብደት ከአምስት አንድ እጅ እንዳይበልጥ ይመክራሉ፤ መኪና ለመኪና ለሚሮጥ ሰውማ ከዚያም ማነስ አለበት። አራት መጻሕፍት፥ ሁለት ሱሪና አንድ ከባድ ካፖርት አወጣሁና 9 ኪሎ አደረስሁት። የቀሩት ሁለት ሸሚዝ፥ አንድ ትርፍ ሱሪ፥ ሹራብ፥ ሌሊት ብርድ ልብስ የሚሆን ጋቢ፥ የዝናብ ልብስ፥ አጎበር፥ የእጅ ባትሪ፥ ፓወር ባንክ፥ ሳሙናና ደብተር ናቸው። ጫማው አዲስ መሆን የለበትም፤ እኔ የምሄድበትን ጫማ በሚያዝያ ገዝቼ ወደ ትምህርት ቤት ስመላለስበት ቆይቻለሁ።

የዝናቡን ነገር ስታስቡ አገራችን አንድ ዐይነት ክረምት ብቻ እንደሌላት አስታውሱ። በሐምሌ ሆሳዕና በዝናብና በጭቃ ውስጥ ሆና ሳለ፥ በኮንሶና በቦረና ምድር ወቅቱ ደረቅ ነው፤ የእነርሱ ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርድና በመከር ወራት ደግሞ ጥቂት ይመለሳል። ስለዚህ የአንድ ጉዞ ቦርሳ ለሁለት ወቅት መሰናዳት አለበት።

ጤናን በሚመለከት፥ ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋማ ከተማ ናት፤ የስምጥ ሸለቆው ከተሞች ግን ቆላ ናቸው፤ ወባ አለባቸው። የደጋ ሰው ለዚህ በሽታ ሰውነቱ አልለመደም። በየሌሊቱ አጎበር መዘርጋት ያስፈልጋል። ከተነደፈ በኋላ ሕመሙ እስኪጀምር ብዙ ጊዜ ሳምንትና ከዚያም በላይ ስለሚቆይ፥ ቤቱ ከገባ በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው ቆላ መክረሙን ለሐኪሙ መናገር አለበት። ለመጠጥ የፈላ ውሃ ወይም በውሃ አጋር የታከመ ውሃ፥ ተቅማጥ ቢመጣ ደግሞ ኦ አር ኤስ በከረጢት መያዝ ይበቃል።

ሰውነትንም ማሰናዳት ይገባል። በዱራሜ አጠገብ ያለው የአምበሪቾ ተራራ ቁመቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ መውጫውም 777 ደረጃዎች ተሠርተውለታል። እኔ ቦርሳዬን በጀርባዬ አዝዬ በግንቦትና በሰኔ ሦስት ጊዜ ወጥቼዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን አሥር ጊዜ ተቀመጥሁ፤ በሦስተኛው አራት ጊዜ ብቻ። ከላይ ሆኖ የእንሰቱን ጓሮና የቤቱን ጣራ ቁልቁል ሲያዩት፥ ሰው ለምን ሩቅ ይሄዳል? ያሰኛል። ዳሩ ግን ማሳው ምን ያህል ጠባብ፥ ቤቱም ምን ያህል ብዙ እንደ ሆነ የሚታየው ከዚያው ነው፤ ወጣቱን የሚያስነሣው ምክንያትም ከዚያ ላይ ሲታይ ይገባል።

የቋንቋ ስንቅም አለ። ሐድይኛና ከምባትኛ ከሲዳምኛና ከጌዴኦኛ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ የደጋ ምሥራቅ ኩሽ ይባላሉ። ወላይትኛና ጋሞኛ ግን የኦሞ ቤተሰብ ናቸው። በየደረስሁበት ሰላምታውን፥ «ስንት ነው?» የሚለውንና «አመሰግናለሁ»ን ጽፌ ለመያዝ በደብተሬ ሰባት ገጽ ለይቻለሁ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ደርሰው በተመለሱ ጊዜ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳትመው ለአገራቸው ሰው አካፍለዋል። ሁላችን መጽሐፍ ባንጽፍም፥ ያየነውን ሳይረሳን በደብተር ማስፈር አያቅተንም።

የማየውንም ነገር እናፍቃለሁ። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ በድንጋይ እርከን ምድሩን ያቆመበት መልክአ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የጌዴኦም እንዲሁ በ2016 ዓ.ም. ተመዝግቧል። በጌዴኦ እንሰትና ቡና በአንድ ጥላ ሥር አብረው ይኖራሉ ይባላል። የእንሰት ልጅ ነኝና እንሰት ሌላ ቤት ሄዶ እንዴት እንደሚኖር ማየት እሻለሁ።

ተማሪዎቼ ቦርሳውን ካዩ ወዲህ ጥያቄያቸው ተለውጧል። መጀመሪያ አንዱ ልጅ ከክፍል ውጭ ጠብቆኝ፥ «ቲቸር፥ ደላላዎ ታማኝ ነው? ስልኩን ይስጡኝ» ብሎኝ ነበር። እኔም አምስቱን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፌ ሰጠሁትና፥ «ይህን ለሚያገኘው ደላላ አንብብለትና መልሱን አምጣልኝ» አልሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ከጥያቄዎቹ በአንዱ አጠገብ እንኳ መልስ አልተጻፈም። ይቀር እንደሆነ አላውቅም፤ ልጁ ሦስት ታናናሾች አሉት፥ አባቱም ያለው መሬት ከጓሮ አያልፍም። ነገር ግን ሰኔ ላይ አምበሪቾን ስወጣ ከእኔ ጋር ከመጡት አራት ልጆች አንዱ እርሱ ነበር፤ በደብተሩም ከጫፉ ሆኖ የሚታየውን አገር በእርሳስ ሲነድፍ አየሁት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፤ ቢሮ ያላችሁ ለዓመት ፈቃዳችሁ፥ ተማሪዎችም ለክረምታችሁ፥ ሩቅ አገር እስክታገኙ አትጠብቁ። በአቅራቢያችሁ ያለውን አንድ ተራራ ወይም አንድ የማታውቁትን የገበያ ከተማ ምረጡ፤ ወረቀታችሁን በኪሳችሁ፥ ገንዘባችሁን በእጃችሁ አድርጉ፤ ለቤተሰባችሁም የምትሄዱበትን ተናግራችሁ ውጡ። ሄዶ መመለስን የለመደ ሰው፥ ሌላ ሰው ሸራ ሊያለብሰው ሲመጣ እምቢ የሚልበት ጉልበት ይኖረዋል።